ሐራጅ ብዬ የጀመርኩት ጨዋታ፦ የአንድ የደሴ ቁጠባ ቡድን የጉዳይ ጥናት

ለምን እንደሚጻፍ

ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ሁሉ በቦርሳው ይዟቸው የሚዞር ጥቂት የመተዋወቂያ ጨዋታዎች አሉት። በሥራ ቋንቋ አይስ ብሬከር እንላቸዋለን። ሰው ስም ተለዋውጦ፣ ትንሽ ስቆ፣ እንቅልፉን አራግፎ ወደ ዋናው ጉዳይ እንዲገባ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ዓይነት ለየት ይላል፤ ተሳታፊው ምንን ከምን እንደሚያስበልጥ የሚያወጣው። «ቤትህ ቢቃጠል ምን ይዘህ ትወጣለህ?»፣ «በእጅህ ባለው ብር ከእነዚህ የትኛውን ትገዛለህ?» የሚባሉት ናቸው። ቀልድ መስለው ይገቡና የሰውን ሆድ ይከፍታሉ። ከተከፈተ በኋላ ምን እንደሚደረግበት አስቦ የሚገባ አሠልጣኝ ግን ብዙ አላየሁም። እኔም አላሰብኩም ነበር።

ይህ ጽሑፍ በ2016 ዓ.ም. ደሴ ላይ ከአንድ የቁጠባ ቡድን ጋር ያሳለፍኳቸውን ሁለት ቀናትና ከዚያ በኋላ የሆነውን ይመዘግባል። የማንም ስም አይጠቀስም፤ የቡድኑም፣ የላከኝ መሥሪያ ቤትም። ሁለት ጨዋታ ተበላሽቶብኝ ሦስተኛው ሠራልኝ፤ ከሠራልኝ በኋላ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ጥፋት አጠፋሁ።

ቦታውና ሰዎቹ

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከእኛ ደሴ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሚኒባሱ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ግን ሰው አገር የቀየረ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ሞቅ ይላል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ሲለቅባት በሸሚዝ የመጣ ሰው ይቀጣል። በሸሚዝ ነበር የሄድኩት።

ቡድኑ 27 ሰው ነው። 12ቱ ገበያ ላይ በርበሬ፣ ጥራጥሬና ቅመማ ቅመም የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። 9ኙ በብረታ ብረትና በእንጨት ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች ናቸው። የቀሩት 6 ዕድሜያቸው የገፋ የአንድ ሰፈር የቅሬ ሰዎች ናቸው፤ ቅሬ የምንለው ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። ማን የትኛው እንደሆነ ከስም ለመገመት የሞከረ ወሎ ላይ ይሳሳታል፤ አንዲቱ ተሳታፊ አባቷ ሸህ፣ የእናቷ ወንድም ቄስ እንደሆኑ ነግራኛለች፣ እንደ ተራ ነገር።

ችግሩ ምን ነበር

ቡድኑ በየሳምንቱ 50 ብር እያዋጣ ጥሩ ገንዘብ አጠራቅሟል። ማበደር ግን አልጀመረም፤ መተዳደሪያ ደንቡ አልጸደቀማ። ስድስት ጊዜ ተሰብስበው ስድስቱንም ጊዜ ወለድ የሚለው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ይበተናሉ። ረቂቁ አሥር በመቶ ወለድ ይላል። ሙስሊም አባላት «ወለድ አንነካም» አሉ። ሌሎቹ «ያለ ወለድ ገንዘቡ በምን ያድጋል?» አሉ።

የላኩኝ ሰዎች ነገሩን የሃይማኖት ጉዳይ አድርገው ነበር ያዩት። «አቀራርባቸው» ተባልኩ። እውነት ለመናገር እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ከወለድ ነፃ የሆነ አሠራር በአገራችን አዲስ አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሌሎች ባንኮችም ለዚሁ አገልግሎት የተለየ መስኮት አላቸው። እንዲህ ያለ መውጫ እያለ ስድስት ስብሰባ ሙሉ ለምን እንደተጣሉ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

ዝግጅቴን ለሁለት ቀን አደረግኩ፤ ማክሰኞና ረቡዕ። ሰኞን የተውኩት ለገበያ ሴቶች ስለማይሆን ነው። ምሳውን ለሁለቱም ቀን የጾም በያይነት አዘዝኩ፤ ረቡዕ ጾም ነው፣ ማክሰኞም ቢሆን «ሥጋው የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ማዕድ እንዳይለይ። ለዙህር ሰላት ሰዓት ተውኩ። ይህን ካሰብኩ ሁሉን ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ፦ ሐራጅ

ጨዋታው የታወቀ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 1,000 ብር የሚል የወረቀት ገንዘብ ይሰጣል። ግድግዳ ላይ ካርዶች ይለጠፋሉ፤ ጤና፣ ሰላም፣ መልካም ስም፣ የልጆች ትምህርት፣ የራስ ቤት፣ እምነት፣ ነፃነት፣ የጎረቤት ፍቅር። አሠልጣኙ አንድ በአንድ ይሸጣል፤ አብዝቶ የሰጠ ይወስዳል። ብሩ ስለማይበቃ ሰው ይመርጣል፤ ሲመርጥ የሚያስበልጠው ይታያል።

የሐሳቡ ሥር ምሁራዊ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚልተን ሮኪች በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ 18 የሕይወት ግብ የሆኑ፣ 18 ደግሞ የአኗኗር መንገድ የሆኑ እሴቶችን ዘርዝሮ ሰዎች በቅደም ተከተል እንዲደረድሯቸው ያደርግ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት የካርድ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ሁሉም ግን አንድ ነገር አምነው ይነሳሉ፦ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ ማንንም ሳያይ ይመርጣል ብለው። ደሴ አዳራሽ ውስጥ ማንንም ሳያይ የሚመርጥ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያውን ካርድ «መልካም ስም» አልኩ። ዝም። ከቆይታ በኋላ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እናት እጃቸውን አውጥተው «ሁለት መቶ» አሉ። «ሁለት መቶ፣ አንድ ጊዜ!» ብዬ ጮህኩ፤ እንደ እውነተኛ አጫራች። ከወጣቶቹ አንዱ ነገሩ ጨዋታ መስሎት «ሁለት መቶ ሃምሳ!» አለ። ጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው በክርኑ ጎሰመው።

«እናትህ ላይ ትጨምራለህ?»

ልጁ ሳቀና እጁን መለሰ። «እማማ ይውሰዱት።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታው አለቀ ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ካርድ መጀመሪያ ለጠራው ትልቅ ሰው በጠራው ዋጋ ሄደ። «የራስ ቤት» በ100 ብር ተሸጠ፤ ደሴ ውስጥ እንዲህ የረከሰ ቤት አይቼ አላውቅም። ወጣቶቹ የወረቀት ብራቸውን እያጠፉ አውሮፕላን መሥራት ጀመሩ።

«ሰላም» የሚለው ካርድ ላይ ስንደርስ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት ሴት ተነሡ።

«አሁን ይኼን አንድ ሰው ገዝቶት ቤቱ ሊወስደው ነው?»

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ማን እንደጀመረው ባላየሁት ሁኔታ የቀረውን የወረቀት ብር እያሰባሰቡ ጠረጴዛዬ ላይ ከመሩት፤ አውሮፕላኖቹ ጭምር ተፈትተው መጡ። «ለሁላችን ነው» አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? «ሕጉ አይፈቅድም፤ አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው» አልኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። ሰዎቹ የሚያስበልጡትን ነገር በዓይኔ እያሳዩኝ ሕግ ጠቀስኩባቸው።

ሻይ ስንወጣ ከቅሬው ሽማግሎች አንዱ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ጨዋታው ደግ ነው። ሐራጅ አትበለው ግን።»

ቀስ ብለው አስረዱኝ። ከዓመታት በፊት ጎረቤታቸው የባንክ ዕዳ ከብዶት ቤቱ ሐራጅ ወጣበት። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጠፈ። ከሰፈሩ ሰው ለጨረታ የሄደ አንድም የለም፤ የሰው እንባ ያለበት ቤት ማን ይገባል። የገዛው ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ነው። ሽማግሌው እስከ ዛሬ በዚያ በር ሲያልፉ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ገንዘብ ሊበደሩ ለተሰበሰቡ ሰዎች በጠዋቱ ያስተዋወቅኳቸው የመጀመሪያ ቃል ሐራጅ ነበር። ለጨዋታው ስም ሳወጣ «ጨረታ» ከምል «ሐራጅ» ይደምቃል ብዬ ነው የመረጥኩት።

ሁለተኛው ጨዋታ፦ እሳቱ

ከምሳ በኋላ ነገሩን ላድስ ብዬ ቀለል ያለ የመሰለኝን ጥያቄ አነሣሁ። «ቤታችሁ ቢቃጠል፣ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ መውጣት ብትችሉ፣ ምን ትይዛላችሁ?»

አንዲት ሴት ዘና ብለው መለሱ። «ምን ‹ቢ› አለበት። ወጥተን አይተነዋል።»

አዳራሹ ቀዘቀዘ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ገባ፤ ከተማዋ እስከ ኅዳር 27 ድረስ በመንግሥት እጅ አልነበረችም። ብዙ ሰው በእግሩ ወጥቷል። እኔ ራሴ በዚያው ሰሞን ከኮምቦልቻ በለበስኩት ልብስ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጨዋታውን ከማስታወሻዬ ስገለብጥ ግን ራሴንም ሰዎቹንም ረስቻለሁ። ጥያቄውን የጻፈው ሰው እሳቱን ምናባዊ አድርጎት ነው፤ እኔም ምናባዊ እንደሆነ አድርጌ አነበብኩት።

ላቆመው ስል ሰዎቹ አላቆሙም፤ መናገር ጀመሩ። አንዱ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ወጣ፤ ሲመለስ ቁልፉ እጁ ላይ ነበር፣ በሩ ግን አልነበረም። ከወጣቶቹ አንዱ በጥድፊያ የስልኩን ቻርጀር ይዞ ስልኩን ትቶ ሄደ፤ ይህ ሰውን አሳቀ። ከሽማግሎቹ አንዱ የያዙት የቅሬውን መዝገብ ነው። ቤተሰባቸው «ደብተር ይበላል?» ብሎ ተቆጥቷቸው ነበር።

«ብር ከጠፋ ብር ይተካል» አሉ። «ማን ስንት እንዳዋጣ ከጠፋ ግን ሰው ይጣላል። የተጣላ ሰው በምን ይተካል?»

ከኋላ የተቀመጠች ወጣት እናት ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። ጎረቤቷ ትከሻዋን ይዛ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትላታለች። በዚያ አቆምኩ። ይቅርታ ጠይቄ የዕለቱን ሥራ ከሰዓቱ ቀድሜ ዘጋሁ። ማንም አልወቀሰኝም፤ አለመውቀሳቸው አልቀለለኝም።

ከጉዳት ውስጥ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ያየሁት ግን ሌሊቱን ነው። ጠዋት ግድግዳ ላይ ከለጠፍኳቸው ካርዶች አንዱም የቅሬ መዝገብ አይልም፤ የበር ቁልፍም አይልም። «ቢሆን» ብዬ ስጠይቅ ሰው ያማረውን መልስ ይሰጠኛል። የሆነውን ስጠይቅ ያደረገውን ይነግረኛል፤ ያም ቢሆን ለመስማት የሚገባኝ ሆኜ ስገኝ ነው።

ማታውን

ፒያሳ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን አደርኩ። በብርዱ ምክንያት ይሁን በሐሳብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለብዙ ዓመት የሴቶች ቁጠባ ቡድኖችን ያደራጁ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ ደወልኩና የሆነውን ነገርኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝና፦

«ለመሆኑ ቡና አፍልታችኋል?» አሉኝ።

«ሻይ ነበር፤ ከሻይ ቤት።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቡናው እያለልህ የምን ካርድ ነው?»

ሦስተኛው፦ ሦስት ስኒ

ረቡዕ ጠዋት አራቱን ሴቶች ጀበና እንዲያመጡ ለመንኩ። ዘጠኝ ጀበና ተገኘ፤ ለምኜ ያገኘሁትን ሳይሆን የሚያስፈልገውን አመጡ። ወንበሮቹን ሰብስበን ከኋላ ደረደርናቸው። ቄጠማ የለም ነበር፤ አንዲቷ ከግቢው ጥግ ሣር አጭዳ ጎዘጎዘች። 27ቱን ሦስት ሦስት አድርገን ዘጠኝ ቦታ አስቀመጥን፤ በየቦታው አንድ ወጣት፣ ሁለቱ ከሴቶቹ ወይም ከሽማግሎቹ። ወጣቶቹ አንድ ላይ ተቀምጠው አውሮፕላን እንዳይሠሩ ብዬም ነው።

ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ አንድ አንድ ጥያቄ ሰጠሁ። በአቦል፦ ያበደረህ ሰው ከሁሉ የማትረሳው ማን ነው፤ እንዴት አድርጎ ሰጠህ? ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በቶና፦ መክፈል ያቃተህ ጊዜ ነበር? ያኔ ከሁሉ የከበደህ ምን ነበር? በበረካ፦ ይህ ቡድን እንደዚያ ያለ ቀን ቢያገኝህ ምን እንዳያደርግብህ ትፈልጋለህ?

የመጨረሻውን «ምን እንዲያደርግልህ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ጠዋት ስነሣ ወደ «እንዳያደርግብህ» ቀየርኩት። ሰው የሚፈልገውን ሲጠየቅ ጨዋ ይሆናል፤ የማይፈልገውን ሲጠየቅ ቶሎ ያገኘዋል። ይህን አስቀድሜ የማውቅ አስመስዬ አልጻፍም፤ በዕድል ነው የገጠመኝ።

ደንቡ ሁለት ነበር። በሦስቱ መካከል የተባለው እዚያው ይቀራል። ከየቦታው ግን ሦስቱ የተስማሙበት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በራሳቸው አባባል፣ ፍሊፕ ቻርት በምንለው ትልቅ ወረቀት ላይ ይጻፋል።

ጊዜውን ጀበናው መራው። ለአቦል 20 ደቂቃ መድቤ ነበር፤ 40 ወሰደ። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ «ሰዓት አልቋል» ልል ስል ቡና ከሚያፈሉት አንዷ «ተቀመጥ፤ ቡናው ሳይፈላ የምን ቶና ነው» አለችኝ። ተቀመጥኩ። በጀበናና በጀበና መካከል ያለው ዝምታ፣ ውኃው እስኪሞቅ የሚጠበቀው ጊዜ፣ ሰው የተናገረውን የሚያሰላስልበት ሆነ። በዙህር ሰዓት የተነሡት ሰግደው ተመለሱ፤ ስኒያቸው ተጠብቆላቸው ነበር። በረካ ሳይጠጣ የሄደ ሰው አልነበረም፤ በረካን ትቶ መሄድ ደግ አይደለማ። በሥልጠና መጨረሻ ሰው እየተንጠባጠበ እንደሚጠፋ የሚያውቅ አሠልጣኝ የዚህን ዋጋ ያውቃል።

ከዘጠኙ ቦታ የመጡት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ እነዚህ ነበሩበት፦

«ስሜ በስብሰባ አይነበብ።»

«በሬ ላይ ቆማችሁ አትጥሩኝ፤ ልጆቼ ይሰማሉ።»

«ዋስ የሆነኝን ሰው ከእኔ በፊት አትጠይቁት።»

«ባሌ የማያውቀው ቁጠባ ነው፤ ደብተሬ ቤት አይላክ።»

«ለምን ፈለግኸው ብላችሁ አታስለፍልፉኝ።»

«መቶኛ አታስቆጥሩኝ።»

ከዘጠኙ ስድስቱ በአንድም በሌላም መንገድ ስለ ኀፍረትና ስለ ሚስጥር ነበሩ። ስለ ወለድ የሚያወራው አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው።

ረቂቅ ደንቡን አወጣሁና እንደገና አነበብኩት። ከወለዱ አንቀጽ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ እንዲህ ይላል፦ ብድሩን በጊዜው ያልመለሰ አባል ስሙ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበባል። ስድስቱም ስብሰባ ወለድ ላይ እየተበተነ አንድም ጊዜ እዚያ አንቀጽ አልደረሰም። አለመድረሱ ግን አጋጣሚ አልነበረም። «ስሜ እንዳይነበብ እፈራለሁ» ያለ ሰው «ላልከፍል ነው» ያለ ይመስልበታል። ስለ ወለድ መከራከር ግን ያስከብራል፤ ሙስሊሙ ስለ ዲኑ፣ ክርስቲያኑ ስለ ቡድኑ ዕድገት ቆሞ ይከራከራል፣ ሁለቱም ራሳቸውን ቀና አድርገው ወደ ቤት ይገባሉ። የሃይማኖት ልዩነት ተብሎ የተነገረኝ ነገር ሁለቱም ወገን አብረው የተጠለሉበት ጥላ ነበር። ይህን ስል የወለዱ ጥያቄ የውሸት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ቀጥሎ እንደሚታየው እውነተኛ ነበር። ስብሰባውን ስድስት ጊዜ የበተነው ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

ደንቡ እንዴት ተለወጠ

የስም ማንበቡ አንቀጽ በዚያው ቀን ተሰረዘ፤ የተቃወመ የለም። በምትኩ ተበዳሪው ብድሩን ሲወስድ ሁለት ሽማግሌ ራሱ ይመርጣል። ቀኑ ካለፈ እነዚያ ሁለቱ ብቻ ያነጋግሩታል፤ እሱ በሚለው ቦታና ሰዓት። ዋሱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ወለዱን በተመለከተ ብልህ የሆንኩ መሰለኝና «ወለድ ከማለት አምስት በመቶ የአገልግሎት ክፍያ እንበለው» አልኩ። «መቶኛ አታስቆጥሩኝ» ያሉት ሸህ ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ስሙን ቀየርከው እንጂ ያው ነው። ለብዙ ብር ብዙ፣ ለትንሽ ብር ትንሽ ከተከፈለ ያ ወለድ ነው። ደብተርና እስክሪብቶው ስንት ይፈጃል? ያንን በልክ እንከፍላለን።»

ልክ ነበሩ። ለማንኛውም ብድር፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ እኩል 40 ብር ለደብተርና ለወረቀት እንዲከፈል ተስማሙ። የቡድኑ ገንዘብ እንዲያድግ ደግሞ የሚችል ሰው ሳምንታዊ መዋጮውን በፈቃዱ ከፍ እንዲያደርግ ተባለ።

ድምፅ አሰጣጡ ላይ የሐራጁን ትምህርት ተጠቀምኩበት። ቡድኑ ወደፊት ኅብረት ሥራ ማህበር ሆኖ መመዝገብ ይፈልጋል፤ የኅብረት ሥራ መርህ ደግሞ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። እጅ ማውጣት ግን እማማ ያወጡበት ላይ መጨመር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ይዞ ወደ ጓዳው ገባ፤ ባቄላ ከሆነ እስማማለሁ፣ ሽምብራ ከሆነ አልስማማም፤ አንዱን እንስራ ውስጥ ጣለ፣ ሌላውን ኪሱ ከተተ። ደንቡ ከዚያ በኋላ ባደረጓቸው ሁለት ስብሰባዎች በዚህ መንገድ ጸደቀ። ከሽምብራዎቹ ጥቂቶቹ የወጣቶቹ እንደነበሩ እገምታለሁ።

ያልሠራው

ወጣቶቹ። ከዘጠኙ አራቱ ደንቡ በጸደቀ በወሩ ወጡ። ለብየዳ ማሽን የሚሆን ብድር ይፈልጉ ነበር፤ ያለ ወለድ የሚያድግ ገንዘብ ለእነሱ ቀስ ያለ ነው። «እናንተ ክብራችሁን አገኛችሁ፤ እኛ ማሽኑን አላገኘንም» ብሎ አንዱ ፊት ለፊት ነገረኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። ቡናው ላይ ከየቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይውጣ ማለቴ እነሱን ጎድቷቸዋል፤ በየቦታው አንድ ወጣት ከሁለት ትልልቅ ሰዎች ጋር ተቀምጦ የማን ዓረፍተ ነገር እንደሚጻፍ ግልጽ ነው።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ረቡዕ ማታ ደክሞኝ ፍሊፕ ቻርቱን ግድግዳው ላይ ትቼው ሄድኩ። በማግስቱ ሌላ ስብሰባ አዳራሹን ተጠቀመበት። ከዚያ ስብሰባ አንድ ሰው ጽሑፉ አስቆት ፎቶ አንሥቶ የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ስም አልነበረበትም። ግን «ባሌ የማያውቀው ቁጠባ» የሚለውን ያነበበ የሰፈር ሰው የቡድኑን ሴቶች በጣቱ ቆጥሮ ለመጠርጠር ምን ያዳግተዋል። ዓረፍተ ነገሩን ያመጡት ሦስቱ ናቸው፤ የተጠረጠረችው ግን አንዷ ናት፤ እሷ መሆኗን እንኳ እኔ አላውቅም ነበር። ሁለት ስብሰባ ቀረች።

ነገሩን የሰማሁት ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ፎቶው እንዲጠፋ ተደረገ፤ የታየ ነገር ግን አይጠፋም። ያን ሐራጅ አትበል ያሉኝን ሽማግሌ ለምኜ አብረን ወደ ሥራ ቦታዋ ሄድን፤ ቤቷ መሄድ ሌላ ጥፋት ይሆን ነበር። ቅመም ትመዝን ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳት። ሚዛኑን ሳታወርድ አዳመጠችኝ።

«እኔ እኮ ያልኩት ለሁለት ሰው ነበር» አለች። «አንተ ለከተማ ነገርክብኝ።»

ሽማግሌው ብዙ አልተናገሩም። ስንሄድ ግማሽ ኪሎ ኮረሪማ ገዙ፤ ሳይከራከሩ። በሦስተኛው ስብሰባ ተመልሳ መጣች። ከእኔ ጋር ግን ከሰላምታ ሌላ አታወራም።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሥልጠና ይዤው የሄድኩት ጥቂት ነው።

የጨዋታው ስም ከጨዋታው በፊት ሥራውን ይጀምራል። አሁን ማንኛውንም አዲስ ጨዋታ ከመጀመሬ በፊት ከተሳታፊዎቹ አንድ ትልቅ ሰው ጠርቼ ስሙንና ጥያቄውን በሹክሹክታ አስነብባለሁ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሐራጅ የሚለውን ሽማግሌው ሻይ ላይ ሳይሆን ጠዋት በር ላይ ይነግሩኝ ነበር።

ተወዳድሮ መግዛት፣ ቀድሞ መንጠቅ፣ ከጎን ያለን መብለጥ የሚጠይቁ ጨዋታዎች ትልቅና ትንሽ በተቀላቀለበት ቦታ የሚያሳዩት መከባበርን ብቻ ነው። መከባበር ራሱ እሴት ነው፤ ግን እሱን ለማየት ጨዋታ አያስፈልግም። ሰዎቹ የጨዋታውን ሕግ ሲጥሱ ደግሞ ማስታወሻ መያዝ ነው እንጂ ማረም አይደለም። ደሴ ላይ ከሐራጁ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ብራቸውን አዋጥተው ሰላምን መግዛታቸው ነበር፤ ያንን ደግሞ ራሴ ነኝ የከለከልኩት።

ስለ እሳት፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ መፈናቀል፣ ስለ መርከብ መስጠም የሚጠይቁ ጨዋታዎችን ወሎ ውስጥ ትቻቸዋለሁ። ሌላ ቦታም ከመጠቀሜ በፊት እዚያ የሆነውን እጠይቃለሁ።

በቡድኑ ውስጥ የሚነሣው ጠብ ለሁለቱም ወገን የሚያስከብር ሲሆን ከሥሩ የማያስከብር ነገር አለ ብዬ መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። ግን የደንቡን ቀጣይ ሁለት አንቀጽ ማንበብ ምንም አያስከፍልም።

ወጣቶቹን ለብቻቸው የማስቀመጥ ጉዳይ ገና አልተፈታልኝም። ለብቻ ሲሆኑ ይናገራሉ፤ ግን የተናገሩትን ትልቁ አይሰማም። ከትልቅ ጋር ሲሆኑ ትልቁ ይሰማቸዋል፤ እነሱ ግን አይናገሩም። ሰሞኑን አቦልን ለብቻ፣ ቶናንና በረካን በጋራ እያደረግኩ ነው። የተሻለ ይመስላል፤ እርግጠኛ ለመሆን ገና ሁለት ቡድን ላይ ብቻ ነው የሞከርኩት።

ወረቀቱ ደግሞ ከአዳራሽ አይቀርም፣ ፎቶም አይነሣም። የሚያስፈልገው ቃል ወደ ደንቡ ከገባ በኋላ ከተሳታፊዎቹ ለአንዷ እሰጣታለሁ። ባለፈው ሐርቡ ላይ የሰጠኋት ሴት ሳታነበው አራት ቦታ ቀደደችውና ለማታው ቡና ከሰል አያያዘችበት።